በየስንት ጊዜው ይታጠባል

ጥያቄውን ያነሡት የባለቤቴ አጎት ናቸው። «ለመሆኑ ይህ ፍጥረት በየስንት ጊዜው ይታጠባል?» አሉ። ልጄ ከተቀመጥንበት ሰዓት ጀምሮ ለምንም ነገር ቀጥተኛ መልስ አልሰጠችም ነበር፤ ለዚህ ግን ቀና ብላ «በየሳምንቱ» አለች። የእኔና የእሷ ቅዳሜዎች የተገኙት ከዚያች አንዲት ቃል ነው።

ቦታው አናንዴል፣ ከከተማው ዳርቻ ያለ ሰፈር፣ የአጎትየው ቤት ሳሎን ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ አጎትየውና አንድ ጡረታ የወጡ ወዳጃቸው፣ የተቀመጡት ሊያስታርቁን አልነበረም። የዕርቁ ጊዜ አልፎ ፍቺው በፍርድ ቤት በኩል መንገዱን ይዞ ነበር። የቀረው የልጃችን ነገር ነው። አባቷ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ አፓርታማ ተከራይቶ ወጥቷል፤ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረው ቤታችን ቀርቻለሁ፤ እሷም ከእሱ ጋር መኖር እንደምትመርጥ ተናግራለች። አሥራ አራት ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ልጅ ዳኛ ፊት ቆማ እናትና አባቷን እንድታማርጥ ሁለታችንም ስላልፈለግን፣ እኔን የምትጠይቅበትን ቀን በሽማግሌ ፊት እንጨርስ ተባባልን። እሷ ግን «እናትሽ ዘንድ መቼ መቼ ትመጫለሽ?» በተባለች ቁጥር ትከሻዋን ከፍ ዝቅ ከማድረግ በቀር የምትለው አልነበራትም። እንለያይ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች። ምክንያቱን አታውቅም። አባቷን የምትወድበትን ልብ ማቆሸሽ ስላልፈለግሁ አልነገርኳትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

በዚህ መካከል ነው ወሬው ወደ እንስሳው የዞረው። አባቷ ከብዙ ዓመታት በፊት ለልደቷ የገዛላት እንሽላሊት ነበራት፤ ክንድ የሚያህል፣ አሸዋ የመሰለ፣ አገጩ ሥር እሾህ መሳይ ቅርፊት የተደረደረበት የበረሃ እንስሳ። የአሌክሳንድሪያው አፓርታማ እንዲህ ያለ እንስሳ አያስገባም። አባቷ ይህንኑ ለማስረዳት «በእንግሊዝኛ ጺማም ዘንዶ ነው የሚሉት» አለ።

«ዘንዶ?» አሉ አጎትየው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ልጄ ስልክ ላይ ያለውን ፎቶ ትኩር ብለው አዩት። «ፈረሰኛው ሰማዕት ያን ሁሉ መንገድ የጋለበው ለዚህ ነው? ይህንንማ እኔም በነጠላ ጫማ እመልሰው ነበር።»

«አይናከስም፣ አባባ» አለች ልጄ።

«ጺሙስ ቢሆን ካንተ ጺም ይሻላል» አሉ ወዳጃቸው።

ልጄ ሳቋ አመለጣት። አጎትየው ያን ሳቅ እንዳዩት እኔም አየሁ። ስለ መኝታው ጠየቋት፤ ስለ ምግቡ ጠየቋት፤ በረሮ እንደሚበላ ስትነግራቸው «እንዲህ ከሆነማ እኛም ቤት ሥራ አለው» አሉ። ቀጥለው ነው የመታጠቡን ነገር ያነሡት።

«ማን ነው የሚያጥበው?»

«እኔ። ሌላ ሰው ሲይዘው ይፈራል።»

«እንግዲያው ስሚኝ፣ የእኔ ልጅ። ይህ ዘንዶ አሌክሳንድሪያ ካልገባ ሲልቨር ስፕሪንግ ይቀመጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከተቀመጠ የሚያጥበው ሰው እዚያ ድረስ መሄድ አለበት። ቅዳሜ ይመችሻል?»

ጥቂት አሰበችና «ቅዳሜ ይመቸኛል» አለች።

«በቃ። ስለ እናትሽ ምንም አልጠየቅንሽም፤ የተነጋገርነው ስለ ገላ መታጠብ ነው።»

ስንወጣ እስከ መኪናዬ ሸኙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔ የቻልኩት ይህችን ነው፣ ልጄ። የቀረውን ቀስ ብለሽ አንቺው አብጂው» አሉኝ። አመሰግናለሁ አልኳቸው።

ቅዳሜዎቻችን እንዲህ ጀመሩ። ልጄ ከአሌክሳንድሪያ በቢጫው የባቡር መስመር ተነሥታ፣ መሐል ከተማ ወደ ቀዩ ተሻግራ፣ ረፋዱ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ትደርሳለች። ከባቡር ጣቢያው ልቀበላት እፈልግ ነበር፤ በእግሯ መምጣት እንደምትመርጥ ስትነግረኝ ተውኩት። ስትገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው እንስሳውን ነው። እኔን የምትስመኝ እሱን ትከሻዋ ላይ ካስቀመጠች በኋላ ስለሆነ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ የማቅፍ ይመስለኝ ነበር።

በሙያዬ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ ነገርን በግምት መሥራት አይሆንልኝም። ለእሱ ብቻ የሚሆን ሳፋ ገዛሁ፤ እኛ ምግብ በምናዘጋጅበት ዕቃ እንደዚህ ያለ እንስሳ መታጠብ የለበትም። ውሃው ለብ ያለ፣ ጥልቀቱም ሲቆም ከትከሻው የማያልፍ ይሆናል። ሳሙና አይነካውም። ለቅጽበት እንኳ ብቻውን አይተውም። ከሳፋው ሲወጣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ የቆዳው እጥፋት ሳይቀር ደርቆ፣ በቀጥታ ወደ ማሞቂያው አምፖል ይመለሳል። ልጄ ደረቱን ከሥር ትይዛለች፤ እኔ በኩባያ እየቀዳሁ ጀርባው ላይ አፈስሳለሁ።

«ትንሽ ትኩስ ነው» ትለኛለች።

«ቴርሞሜትሩ ልክ ነው ይላል።»

«ማሚ፣ እሱ እኮ ቴርሞሜትር አያነብም።»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምናወራው ስለ እሱ ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ ሌላው መጣ። ዓይኗን ከውሃው ሳታነሣ ስለ አንዲት ጓደኛዋ መራቅ ነገረችኝ። አባቷ ሩዝ ሲቀቅል ሁልጊዜ እንደሚያሳርር ነገረችኝ፤ ሳቅሁ፤ እሷም ሳቄን ወደደችው መሰለኝ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን እነዚህን ነገሮች እንደማትነግረኝ እርግጠኛ ነኝ። ሳፋው ዘንድ ግን ሁለታችንም አጎንብሰን የምንመለከተው ሦስተኛ ፍጥረት ነበረን። ውሃው ውስጥ እጄ እጇን ሲነካው አትሰበስበውም። እናት ሆኖ እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ስጦታ መቁጠር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ክረምቱ ሲከብድ እንስሳው ምግብ ቀነሰ። አገጩ ጠቆረ። አንድ ጠዋት አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ አየሁት፤ አፍንጫው ላይም አረፋ የመሰለ ነገር ነበር። ለልጄ መልእክት ልኬላት ዊተን ወደምትገኝ የእንስሳት ሐኪም ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ደረቱን ካዳመጠች በኋላ ስለ አያያዙ ብዙ ጠየቀችኝ። ሁሉንም በትክክል መለስኩ። በየስንት ጊዜው እንደሚታጠብም ነገርኳት።

«በየሳምንቱ?» አለች። «ለምን?»

መልስ ነበረኝ፤ የሕክምና መልስ ግን አልነበረም። «ልጄ ውሃ በቆዳው እንደሚጠጣ ሰምታለች» አልኩ።

«ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ውሃ የሚያገኘው በአፉና ከሚበላው ቅጠል ነው። በየሳምንቱ ታጥበው ምንም የማይሆኑ አሉ፤ የእርስዎ ግን አርጅቷል፤ ቤቱም እንደነገሩኝ ይቀዘቅዛል። ራሱን ማሞቅ አይችልም። እርጥብ ሆኖ ብርድ ሲያገኘው ሳንባው ይጎዳል። ለጊዜው ጨርሶ አይጠቡት።»

«ከዳነ በኋላስ?»

«ሲቆሽሽ። ወይም ቆዳውን ሲለውጥ አሮጌው አልላቀቅ ካለው።»

«ይህ በየስንት ጊዜው ሊሆን ይችላል?»

«ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።»

ውሃውን ባሳንሰው፣ መታጠቢያ ክፍሉን አስቀድሜ ባሞቀው፣ የቆይታውን ጊዜ ባሳጥረውስ ብዬ ጠየቅኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ። ለእንስሳው የምከራከርለት መስሏት ይሆናል። እኔ ግን ከእሷ ጋር የምደራደረው በሌላ ነገር ነበር፤ ይህንንም ራሴ የተረዳሁት ድምፄን ስሰማ ነው። «ምን አስጨነቀዎት?» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ባይታጠብ ምንም አይጎድልበትም።»

መኪናው ውስጥ አጠገቤ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ሳጥኑን በፎጣ ሸፍኜ፣ ሞተሩን አሙቄ ቆየሁ። ለልጄ መንገር እንዳለብኝ አልተጠራጠርኩም። ሕይወት ያለውን ነገር አሳምሜ የማተርፈው ቅዳሜ ሊኖር አይችልም። ቅዳሜዬን በገዛ አፌ እንደምዘጋው እያወቅሁ ግን መደወል ከባድ ነበር። ከትምህርት ቤት በምትወጣበት ሰዓት ደወልኩላት።

«ምን አለች?»

«ይድናል። መድኃኒት ሰጥታዋለች። ነገር ግን ለጊዜው እንዳይታጠብ ብላለች፤ ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ ብቻ ነው።»

«የታመመው በመታጠቡ ነው?»

«ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ያ ነው የጎዳው።»

«ማሚ። በመታጠቡ ነው?»

ውሸት መናገር አልችልበትም። «አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማኛል። ከዚያ ከባድ ነገር ስትናገር እንደምታደርገው ወደ እንግሊዝኛ ዞረች። «ድሮ በየሳምንቱ አላጥበውም ነበር» አለችኝ። «ገላውን የሚታጠበው ከስንት ጊዜ አንዴ ነበር። አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስለነበርሽ አታውቂም። ያኔ አናንዴል አባባ ሲጠይቁኝ በየሳምንቱ አልኩ።»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

ለምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አውቀናል። ያኔ፣ አናንዴል፣ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ ስታደርግ የማትፈልገኝ መስሎኝ ነበር። በየሳምንቱ ልትመጣ የምትፈልግ ልጅ፣ ፈለግሁ ብላ መናገር ያቃታት ልጅ፣ አጠገቤ ተቀምጣ እንደነበር የነገረችኝ አሁን፣ ጥፋቷን ስትናዘዝ ነው። ደስታው ለቅጽበት ነካኝ። ወዲያው ደግሞ የሚቀጥለውን ተናገረች፦ «ስለዚህ እኔ ነኝ ያሳመምኩት። እኔ እዚያ በመምጣቴ ነው።»

«አይደለም፣ የእኔ ልጅ። ማንም አላወቀም።»

«እኔ አውቅ ነበር» አለችና ስልኩን ዘጋች።

በዚያ ቅዳሜ አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። አባቷ፣ ለፍትሕ ሲባል መጻፍ አለብኝ፣ ለእኔ ብሎ ሊያግባባት ሞክሮ ነበር። «እሱን ማየት አልችልም ትላለች» አለኝ በስልክ፤ «ጊዜ ስጫት።» መድኃኒቱን ብቻዬን ሰጠሁት። አፉን በቀስታ ከፍቼ ጠብታውን በምላሱ ጎን አንጠባጥባለሁ፤ እሱም በአንድ ዓይኑ እያየኝ ይታገሠኛል። አረፋው ጠፋ። አገጩ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ። ቅጠሉን መብላት ሲጀምር ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት፤ የልብ ምልክት መለሰችልኝ።

ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ ቆዳው ደበዘዘ። ጭንቅላቱና ጀርባው በራሱ ጊዜ ተላጠ፤ ጣቶቹ ላይ ያለው ግን ደርቆ አጥብቆ ያዘው። ሐኪሟ እንዲህ ያለው ቆዳ ጣቶቹን ደም ሊከለክል እንደሚችል አስጠንቅቃኝ ስለነበር ለልጄ ደወልኩ። መታጠብ እንዳለበት፣ በዚህ ጊዜ በእርግጥ እንደሚያስፈልገው፣ ክፍሉንም እንደማሞቀው ነገርኳት። የእሷን እጅ እንደለመደም ጨመርኩ።

«አንቺ እጠቢው» አለችኝ በአማርኛ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። «አንቺ ትክክል ታደርጊዋለሽ።»

ብቻዬን አጠብኩት። በአንድ እጄ ደረቱን ይዤ በሌላው ውሃውን እያፈሰስኩ፣ የለሰለሰው ቆዳ ሳይጎተት በራሱ እስኪለቅ ጠበቅሁ። ለቀቀ። አልፈራም፤ ክንዴ ላይ አገጩን አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። ካደረቅሁትና አምፖሉ ሥር ከመለስኩት በኋላ እንደገና ደወልኩላት። ደህና እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ በፊት ለማንም ብዬው የማላውቀውን ነገር አስከትዬ አልኩ።

«ቅዳሜ ነይ።»

«ሊታጠብ ነው?»

«አይደለም። አይታጠብም። እሱን ማየት ካልፈለግሽ በሩን እዘጋዋለሁ።»

«ታዲያ ምን እናደርጋለን?»

«አላውቅም» አልኩ። «ናፍቀሽኛል።»

«እስቲ አያለሁ» አለች።

ቅዳሜ የእንስሳውን ክፍል በር ዘጋሁ። ምሳ ሠርቼ ሁለት ሳህን አወጣሁ። ረፋዱ ላይ መልእክት መጣ፦ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄዳ ነበር፤ ባቡሩም መጥቶ ነበር፤ አልገባችበትም። «ይቅርታ ማሚ» ይላል። «እያለቀስኩ መምጣት አልፈለግሁም።» እያለቀስሽም ነይ ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው ደግሞ ቁልፌን አንሥቼ፣ የምትወደውን ወጥ ሳህን ላይ አድርጌ ከድኜ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። ሕንፃው በር ላይ ሆኜ ስደውል አላነሣችም። አባቷ ወርዶ ሳህኑን ተቀበለኝና «ተኝታለች» አለ፤ እንዳልተኛች ከፊቱ ይነበባል። ከሕንፃው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የእሷ መስኮት የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አንዱ መጋረጃ እንኳ ቢንቀሳቀስ ብዬ ሁሉንም እያየሁ እስኪመሽ ቆየሁ።