ትከሻዬና የከመነዳሪው ቁራጭ

የእህል መጋዘኑ የኩሊዎች አለቃ ትከሻዬን አበላሽቶ ከሥራ አስወጣኝ። በኩሊ ሥራ ሁለት ሰው ኩንታሉን አንስቶ ያሸክማል፤ ተሸካሚው «ያዝኩ» ሳይል አይለቁትም። አለቃው ግን መኪናው ቆሞ ይጠብቃል ብሎ ቸኮለና፣ እኔ «ያዝኩ» ሳልል «ልቀቁት» አለ። ለቀቁት፤ ቀኝ ትከሻዬ ወለቀ። ወጌሻ መለሰልኝ፤ እጄ ግን ከጆሮዬ በላይ አልወጣ አለ። አለቃው ለባለ መጋዘኑ ለሐጂ «ሰነፍ ነው፣ ትከሻዬን እያለ ያመካኛል» ብሎ ነገራቸው። በቃ፣ ወጣሁ።

ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አንድ ጡረተኛ አሥር አለቃ በግቢያቸው ስፖርት ያሠሩ ነበር። ብረት የምንለው የውሃ ቧንቧ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የተሞላ የዘይት ቆርቆሮ አለበት። ሄጄ ብለምናቸው በክፍያ ፋንታ ግቢውን ጥረግና ስፖርቱን ሥራ አሉኝ።

ለትከሻ የሚሆነው ስፖርት በየተራው ግድግዳው ላይ በከሰል ተጽፏል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ ያኔ አላነበውም። ከሁሉም የሚበረታውን ሰው አየሁና እንደሱ ብረቱን ወደ ላይ ልገፋ ተነሳሁ። ማንበብ ብችልም ያንኑ እመርጥ ነበር። እሑድ እሑድ የመጋዘኑ ኩሊዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያያሉ፤ ብረቱ ከራሴ በላይ ሲወጣ እንዲያዩልኝ ፈለግሁ።

አሥር አለቃ ብረቱን ከእጄ ተቀብለው አስቀመጡት። ባህር ዛፍ ላይ የታሰረ የከመነዳሪ፣ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቁራጭ አስያዙኝና ክርኔን ከጎኔ ሳላላቅቅ ቀስ እያልኩ ወደ ውጭ እንድስብ አዘዙኝ። ከዚያ ትንሿን ቆርቆሮ ወደ ጎን ማንሳት ይመጣል፤ ብረቱ መጨረሻ ነው። ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ተከራከርኩ።

«ትከሻህ የሚፈልገውን ነው የምትሠራው፣ አጥር ላይ የቆሙት የሚፈልጉትን?» አሉኝ።

ላስቲኩን ሳብኩ። አንዱ ከአጥሩ ወዲያ «አንተ፣ ላሟን ቀስ ብለህ እለባት እንጂ» አለ፤ ሳቁ። አሥር አለቃ ሌላ ቁራጭ አምጥተው እዚያው ዛፍ ላይ አሰሩና አጠገቤ ቆመው ሲስቡ በሳቸውም ተሳቀባቸው። ከባዱን ብረት እንደ ዱላ የሚያነሱ ሰው ናቸው። ጡንቻ ያለው ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ለሌላው ብሎ መሳቂያ የሚሆን ግን ከሳቸው በቀር አላየሁም። ክረምቱን ሙሉ፣ በዝናቡም በጭቃውም፣ እሑድ በመጣ ቁጥር አጠገቤ ነበሩ።

መስቀል አልፎ እጄ ጆሮዬን አልፎ ሲወጣ ብረቱን ፈቀዱልኝ። ብረቱንም ስለምደው ሐጂ ዘንድ ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ሰነፍ አይደለሁም። ይሞክሩኝ» አልኳቸው።

አለቃው «እጁ የሞተ ነው፣ ሥራ ያስፈታናል» አለ። ሐጂ በሩ ላይ እህል ጭኖ የቆመውን መኪና አሳዩኝ። ከሌሎቹ እኩል እየተሸከምኩ፣ ወደ ክምሩ አናት የተጋደመውን ሳንቃ እየወጣሁ፣ መኪናው ባዶ እስኪሆን አወረድኩ። ሐጂ ወደ አለቃው ዞረው ሰነፉ የቱ ነው ብለው ጠየቁት። እሱ የመኪናውን ጎማ ያይ ጀመር።

«ነገ በዓልህ ነው» አሉኝ ሐጂ፣ «ከነገ ወዲያ ግባ።»

አለቃው ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልተውኩለትም። ሥራዬ የተመለሰልኝ ግን ኅዳር አሥራ አንድ፣ በሚካኤል ዋዜማ ነው፤ ቀኑን አልረሳውም።