ስም አውጪው ደርበው

ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው የማያውቁት አገር ሄዶ ነው። የኛው ደርበው ይመር ግን ተወልዶ ባደገባት፣ ንፍጡን እየጠረግን ባሳደግንባት በሐይቅ ከተማ ነው ቁርበት ያስነጠፈ። እኛም አነጠፍንለት። እኔ ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ዳር አሳ እየጠበስኩ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ የማያልፍብኝ ሰው የለም፣ የማልሰማው ወሬ የለም። እንደ ደርበው ያለ ደረቅ ግን አላየሁም።

አባቱ ይመር አሊ ከአርዲቦ ማዶ የመጡ ደግ ገበሬ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። አያቱ አሊ ይባሉ እንጂ ከነዘራቸው ክርስቲያን ናቸው። ወሎ ነዋ! እኛ ዘንድ ስም ሃይማኖትን አማክሮ አይወጣም። አባትየው ልጃቸውን ቄስ ይሆንልኛል ብለው እስጢፋኖስ ገዳም ለትምህርት ሰደዱት። ዳዊት ሳይደግም ተመለሰ። ምነው ሲሉት «ቁንጫው በዛብኝ» አለ።

ከዚያ መናኸሪያ ገብቶ የሚኒባስ ረዳት ሆነ። «ደሴ! ደሴ! ደሴ!» ብሎ ሲጮህ እኔ ድስቴ አጠገብ ሆኜ እሰማው ነበር። ድምፅስ ሰጥቶታል፣ አይካድም። ፈጣሪ ሌላውን ሁሉ ነስቶ ድምፅ ብቻ የሰጠው ሰው ነው።

ቀጥሎ ሴት ልጆችን ወደ አረብ አገር ከሚልክ ደላላ እግር ስር ገባ። ይህቺን ልብ በሉልኝ። ያኔ የክርስቲያን ልጅ ሙስሊም ነኝ ካላለች ቶሎ ሥራ አታገኝም እየተባለ በፓስፖርቷ ላይ የሙስሊም ስም ይገባላት ነበር። ስሙን የሚያወጣው ደርበው ነው። አንዷን ኢንሳፍ ይላታል፣ አንዷን ሪታጅ፤ ከአረብ ድራማ ይሁን ከየት እንደሚያመጣው እንጃ። ማተባቸውን ከአንገታቸው በምላጭ የሚቆርጠውም እሱ ነው። «አይዞሽ፣ ወረቀት ነው፣ እግዜር ልብሽን ያውቃል» ይላቸዋል።

ጎረቤቴ አሚናት ዘንድ ሳይቀር ልጆቹን ይዞ ሄዶ ነበር፣ ውዱእና ሂጃብ አስተምሪልኝ ብሎ። አሚናት ጫማዋን አንስታ ነው የተቀበለችው። «ወላሂ አላደርገውም! በአላህ ስም አስዋሽቼ የት ልገባ ነው? ሂድ ውጣልኝ!» አለችው። ወጣ። ምን ቸገረው፤ ፋቲሃውን ከስልክ ለቃቅሞ፣ ግማሹን አበላሽቶ ራሱ አስተማራቸው።

በኋላ ነገሩ ሲከር፣ ደላላውም ሲታሰር፣ ደርበው ኮምቦልቻ ነው አሉ ተሰወረ። ደህና ተገላገልን ብለን ነበር። አንድ ዓመት ጥምቀት ላይ ጺሙን አሳድጎ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ስልኩን ዘንግ ላይ ሰክቶ፣ እዚያው ያገባትን ሚስቱን አስከትሎ ከች አለ። «መምህር ደርበው» ነኝ አለ። ማን መምህር እንዳደረገው የጠየቀ የለም። ራሱን ሾመ፣ እኛም እጅ ነሳን።

ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ አዳራሽ «ቤተ ክርስቲያን በተለወጠ ዘመን» የሚል የውይይት ጉባኤ ከፈተ። ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ የመጀመሪያው እሑድ ደስ ብሎኝ ነበር። የምንወያይበት ነገር መች ጠፋ? ልጆቻችን ከጸሎት ይልቅ ስልኩን ያውቃሉ። ወጣቱ ወይ አረብ አገር ነው፣ ወይ ልሂድ እያለ ነው። የተመለሱትም ከኛ ጋር ተቀምጠው ልባቸው ሌላ ቦታ ነው። ይህን ነገር እስቲ ቁጭ ብለን እናውራው ብዬ አሳዬን ዘግቼ ሄድኩ። ለካ ውይይት ማለት እሱ በማይክ የሚናገርበት፣ እኛ በሆዳችን የምንወያይበት ኖሯል።

አንድ እሑድ ሠርግ ላይ አምባሰልና ባቲ መዘፈን የለበትም አለ። አያችሁልኝ? የአምባሰልን ተራራ በመስኮት እያየ! ሌላ እሑድ የሙስሊም ጎረቤት ሠርግ አትሂዱ አለ። እነሱ እኮ ለኛ በግ በክርስቲያን እጅ አሳርደው፣ ድስቱን ለይተው፣ ወጥ ሠሪዋን ከኛው ሰፈር ጠርተው ነው የሚያበሉን፤ እኛም እንደዚያው። ይህን ማን ለደርበው ይንገረው? እጁን ያወጣ ሰው ሁሉ «ሰዓት የለንም፣ ለሚቀጥለው እናቆየው» ይባላል። እሱ ሲናገር ግን ሰዓት ሞልቷል። ያንን ደግሞ በስልኩ ቀድቶ ይለቀዋል፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁሉ ያየኛል እያለ ይንጠራራል።

አባ ወልደ ትንሣኤ፣ ሽማግሌው ቄሳችን፣ ከኋላ ወንበር ላይ ጥግ ይዘው ይሰማሉ። «ወጣቱን ሰበሰበልን እኮ» ይላሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደግነታቸው አንዳንዴ ያናድደኛል።

አሁን ወደ የውብዳር ልምጣ። የውብዳር ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ጅዳ ሄዳ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ወገቧን ይዛ ተመለሰች። ሀኒያ ብሎ የሰደዳት ደርበው ነው፤ እስከዛሬም ግማሹ ሰፈር ሀኒያ እያለ ነው የሚጠራት። ባል አላገኘች፣ ልጅም ከእንግዲህ አይሆንልሽም ብሏታል ሐኪሙ። ታናሽ ወንድሟ ይርጋ ሴት ልጅ ሲወልድ «የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ» አላት። ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰች! እንባዋ ከደስታ ይሁን ከቁጭት እኔም አልለየሁት። ነጭ ቀሚስ አሰፋች፣ ትንሽዬ ነጠላ፣ ማተብ ከነመስቀሉ ገዝታ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠች፤ ጠዋት ማታ እየከፈተች ታየዋለች። ያቺን ልጅ ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ከመግባት ሌላ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ክርስትናው ሲቃረብ ደርበው «ስማቸውን የሸጡ» የሚል ርዕስ ይዞ መጣ። በአረብ አገር ስማቸውን የለወጡ ሴቶች ክርስቶስን ክደዋል፣ እዚህ ቆመው በጉባኤ ፊት ሳይናዘዙ ልጅ ሊያቅፉ አይገባም አለ። ስም አልጠራም፣ ግን አዳራሹ በሙሉ ዞሮ የውብዳርን አያት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት ይህን አይደል? ምላጩን ይዞ ማተብ ሲቆርጥ የነበረው ማን ሆነና! አዳራሹ ውስጥ ደግሞ የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ልጁን አረብ አገር የላከ ሁሉ በደርበው እጅ ነው የላከ፣ እና ማን ይተንፍስ?

አባ ወልደ ትንሣኤ ዘንድ ሄጄ ተቆጣሁ። «ልጄ፣ እኔ ከልካይ አይደለሁም፤ የንስሐ አባቷም እኔው ነኝ፣ ገና ስትመጣ ጨርሰናል። ግን ጉባኤው ካጉረመረመ…» አሉኝ። ጉባኤው! የፕላስቲክ ወንበር ደርድሮ ጉባኤ! ይርጋም ፈራ፤ አይፈረድበትም፣ ፈሪ ሆኖ ነው የተወለደው። እህቱን «እትዬ፣ ሰው ምን ይለናል፤ ለዚህች ለአንድ ቀን የደርበው ሚስት ብታቅፋትስ?» አላት። ይህን ስሰማ ጭልፋዬን ነው የወረወርኩት።

አሚናትና እኔ የውብዳርን ይዘን መከርናት። አሚናት «ያረቢ! ይኸው ሰውዬ አይደል እኔ ደጅ ጎትቶ ያመጣሽ? ተነሽና ፊቱ ላይ ንገሪው!» አለቻት። የውብዳር ግን ራሷን ነቀነቀች። «እትዬ አሚናት፣ እሱን ባዋርደው ልጅቷን ይከለክሉኛል። ቁሚ ካሉኝ እቆማለሁ፣ ተንበርከኪ ካሉኝ እንበረከካለሁ። ልጅቷን ልቀፋት እንጂ» አለች። አሚናት «አብሽሪ» ብላ እጇን ያዘቻት።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። ስድብ ሊሰማ የሚመጣው ሰው ሁሌም ከቅዳሴው ሰው ይበዛል። ደርበው ስልኩን ዘንጉ ላይ አቆመና የውብዳርን ወደ ፊት ጠራት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ወገቧን ደግፋ ወጣች። ማይኩን አፏ ላይ ደገነባት።

«እህታችን፣ እዚያ ማን እያሉ ነበር የሚጠሩሽ?»

«ሀኒያ።»

«ሀኒያ! ሰማችሁ? እንግዲህ ለጉባኤው ንገሪ፤ ይህን ስም ማነው የሰጠሽ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። «ሰይጣን» እንድትል ነበር የፈለገ መሰለኝ። ጥያቄው ከአፉ እንደወጣ ግን ፊቱ አመድ ሆነ። የውብዳር ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ አቀረቀረች። ልጅቷን እንዳይከለክሏት ፈርታ ነው፣ አውቃለሁ። ልነሳ ስል ከሴቶቹ ረድፍ ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

እትዬ ጥሩዬ ናት። እትዬ ጥሩዬ፣ ማሬ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ጅዳ ሄዳ ታማ እዚያው ሞተች። ሬሳዋም አልመጣ፤ እንደ ፓስፖርቷ ነጅዋ ብለው፣ ጀናዛ ሰግደውላት እዚያው ቀበሯት። ከዚያ ወዲህ ይህች ሴት በጉባኤ ቀርቶ በገበያም ድምጿን ሰምቼ አላውቅ።

«ደርበው» አለችው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «የኔዋን ነጅዋ ያልካት አንተ ነህ። ስለዚህ ታውቅ እንደሁ ብዬ ነው የምጠይቅህ። እኔ ፍትሐት ያስፈታሁት በክርስትና ስሟ በወለተ ሰንበት ነው። እነሱ ደግሞ ነጅዋ ብለው ቀብረዋታል። ፍትሐቱ ደርሷት ይሆን? ወይስ ሌላ ሰው ናት ብሎ አለፋት?»

አባ ወልደ ትንሣኤ ከጥጉ ብድግ አሉ። «ደርሷታል እናቴ፣ ደርሷታል፤ እግዜር ልጁን አይስታትም» አሉ።

«እርስዎን አይደለም አባ» አለች። «ስሙን የሰጣትን ነው የጠየቅሁት።»

ያ ሁሉ ምላስ፣ ያ ሁሉ «ደሴ! ደሴ!» የት እንደገባ እንጃ። ደርበው ማይኩን ቀኝ እጁ ላይ፣ ግራ እጁ ላይ አገላበጠ። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥሩ ጥያቄ ነው እናታችን፤ ሰዓት ስለሌለን ለሚቀጥለው ሳምንት እናቆየው።»

«አንተ ውሻ!» ያልኩት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፣ አዎ፤ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ፣ አሁንም ብሆን እለዋለሁ።

የውብዳር ግን እኔንም እሱንም አልሰማችም። ከመድረኩ ወርዳ፣ በወንበሮቹ መሀል አልፋ እትዬ ጥሩዬ እግር ስር፣ በዚያ በታመመ ወገቧ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች። ማይክ አልያዘችም፤ ሁላችንም ግን ሰማናት።

«እትዬ፣ እኔና ማሬ አርብ አርብ ማዳሞቻችን ሲወጡ እንደዋወል ነበር። ስማችን እንዳይጠፋን ብለን ስልኩን ስናነሳ መጀመሪያ በክርስትና ስማችን ነው የምንጠራራ። እሷ ወለተ ጊዮርጊስ ትለኛለች፣ እኔ ወለተ ሰንበት እላታለሁ። ታማ ሆስፒታል ስትገባ ነርሷን ለምኜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስያዝኩላት። ወለተ ሰንበት አልኳት። ‹አቤት› አለችኝ። በዚያው ቀን ነው ያረፈችው።»

«አቤት አለች?» አለች እትዬ ጥሩዬ።

«አቤት አለች።»

ደርበው ከላይ «ወገኖች፣ በጸሎት እንዝጋ» አለ። የዞረለት ሰው የለም። የይርጋ ሚስት ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ባሏንም ሳታይ ብድግ ብላ ልጅቷን አምጥታ የውብዳር ጭን ላይ አስቀመጠቻት። አባ ወልደ ትንሣኤ «ክርስትናው ዕለት በጠዋት ነዪ፤ አንቺው ነሽ የምታቅፊያት» አሏት፤ ዘገዩ እንጂ አሉት።

እትዬ ጥሩዬ ይህን ሁሉ አላየችም። የየውብዳርን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«ሌላስ?» አለቻት። «ሌላስ ምን ትልሽ ነበር ልጄ?»