ዘግይቶ የሚወድቀው ምት

ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ዘፈን በፍላሽ የምትጭን ሴት በፖለቲካ ትታሰራለች ብሎ ማን ያስባል? እኔም አላሰብኩም። ሁለቱ ፖሊሶች ወደ ሱቄ ሲገቡ ደንበኛ መስለውኝ ምን ልጫንላችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንደኛው ሊስቅ ከጀለና ተወው።

ሴቻ ባለው ፖሊስ ጣቢያ የሴቶቹ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው መንጣጣት ይጀምራል፤ ያኔ ሙቀቱ መምጣቱን ታውቃላችሁ። ውስጥ ከጫኖ የመጣች አንዲት ሙዝ ነጋዴ ብቻ ነበረች። በጋሞኛ ምን አድርገሽ ነው አለችኝ፤ እንደማላውቅ ነገርኳት። እሷም አታውቅም። ስብሰባ በተከለከለበት ቀን ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ በኩል ሙዟን ጭና አልፋለች፣ ይኼው ነው። ከራሷ ይልቅ ያዘነችው ጋሪው ላይ ለቀረው ሙዝ ነበር።

«እንግዲህ ሁለት የማናውቅ ሰዎች ነን» አለችና የነጠላዋን ግማሽ አነጠፈችልኝ።

በማግስቱ መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ወጣት ነው፤ ሻይ አዘዘልኝ፣ እህቴ አለኝ። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ስለነበር ሻዩ የባሰ ግራ አጋባኝ። ስለ ሱቄ ሁሉን ሰምቷል። ከበሮ ሰምተሽ መቺውን ትለያለሽ ይባላል፣ እውነት ነው? አለኝ።

እውነት ነበር። ማንም አላስተማረኝም፤ ሰዎች ሱቄ ውስጥ ማን ነው የመታው ብለው ሲወራረዱ እየዳኘሁ ነው የተማርኩት። የምወዳቸው ቀረጻዎች አሮጌዎቹ ናቸው። የሙዚቃ ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ በአንድ ማይክ የተቀረጸባቸው ሸክላዎች አሉ፤ ድራም መቺው ራቅ ብሎ መቀመጡ፣ ለዘፋኙ ብሎ እጁን ማለዘቡ ይሰማል። የዛሬዎቹ እያንዳንዱን ምት አጥበው አጥበው ወንበሩ ላይ ሰው ያለ አይመስልም። ከሁሉ የምወደው ደግሞ የሆነ ሰው ቴፑን መስኮት ላይ አስቀምጦ የቀዳው የሠርግ ካሴት ነው። ከበሮው ከግቢው ማዶ ይመጣል፤ መሀል ላይ ሕፃን ይስላል። ጥሩ ቀረጻ ከበሮው የት እንደቆመ ይነግራችኋል።

መርማሪው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። በተከለከለው ቀን ጠዋት ሰዉን ወደ ሜዳው የጠራው ይኼ ከበሮ ነው፤ የመታውን ሰው ንገሪኝና ወደ ቤትሽ ሂጂ አለኝ።

ከፈተው። ጣ ጣ ጣ፤ የተደበደበ ጣሳ። በስልክ ድምፅ ከበሮ አይለይም፣ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል አልኩት። እንደ ሱቅ ሴት ነበር የመለስኩለት፤ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ያወቅሁት እሱ ተነስቶ ከጎረቤት ቢሮ ትልቅ ስፒከር ይዞ ሲመለስ ነው።

እንደገና ከፈተው፤ ክፍሉ ሞላ።

ምን ልበላችሁ? እንደዚያ ያለ የከበሮ ቀረጻ ሰምቼ አላውቅም። ከሩቅ ነው የተቀዳው፤ ሣሩ እርጥብ ነው፣ የከበሮው ቆዳ ግን በእሳት ሞቋል። ከተራራው የሚመለሰው ድምፅ ከሚቀጥለው ምት በፊት ይደርሳል። ደስ አለኝ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ከዚያ ወፍራሙን ምት ሰማሁት። በትንሹ ይዘገያል፤ ሸክም የተሸከመ ሰው ደረጃ ላይ እግሩን እንደሚያሳርፍ። እንዲህ የሚሆነው መቺው ግራኝ ሲሆን ነው፣ ከባዱን ምት በግራው ሲያወርድ። በኛ አካባቢ በየለቅሶው እንደዚያ የሚመታ አንድ ሰው አውቃለሁ። የእናቴ ወንድም ነው።

ወይም መሰለኝ። ሙቀቱም ነበረ፣ እንቅልፍም አልነበረኝም።

«ማነው?» አለኝ።

ስለ ቆዳው ነገርኩት። የበሬ ሳይሆን አይቀርም፣ ጠፍሩ በቅርቡ ጠብቋል፣ የቀዳው ሰው ለንፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ብዙ አወራሁ። ሲጽፍ ቆየና ብዕሩን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ የጠየቅሁሽ ስለ ሰውየው ነው።»

ሱቄ ውስጥ ለማንም ብዬው የማላውቀውን ቃል ያኔ አልኩ።

«አልለየሁትም።»

«ከተማው በሙሉ ታውቃለች እያለ?»

«ከተማው ሲያጋንን ነው።»

ቀረጻውን ሦስተኛ ጊዜ ከፈተው፤ እኔም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጣቴን ሳላንቀሳቅስ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሙዝ ነጋዴዋ አወቅሽ ወይ አለችኝ፤ ለምን እንደታሰርኩ ማለቷ ነው። አዎ አልኳት። «ተሻልሽኝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ለቀቁን። አምኖኝ ይሁን ሰልችቶት፣ ወይ ሌላ ሰው ስም ሰጥቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን ሱቁ ውስጥ ሰዎች ሲወራረዱና ዳኚን ሲሉኝ መልሱ እያለኝም አንዳንዴ አላውቅም እላለሁ። ለምን እንደምል ለራሴም በደንብ አይገባኝም። ያንን ቀረጻም ዳግመኛ አላገኘሁትም፤ ባገኘው ሱቄ ውስጥ እንደማልከፍተው ግን አውቃለሁ።

የተፈታሁ ዕለት አጎቴ ዘንድ ሄድኩ፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዙን ውኃ እያጠጣ ነበር። ምን እንደጠየቁኝና ምን እንደሰማሁ ነገርኩት። እኔ ነኝ አላለም፣ አይደለሁምም አላለም። የውኃውን መንገድ በዶማው ዘጋ።

«ቀረጻው ጥሩ ነበር?» አለኝ።

ጥሩ ነበር አልኩት።

በሳምንቱ ሰፈራችን ውስጥ ለቅሶ ነበረ። አጎቴ መጣ፤ ከበሮውን በሌላኛው ትከሻው አንጠለጠለና ከባዱን ምት በቀኝ እጁ መታ። ከዚያ ወዲህ የሚመታው በቀኙ ነው።