ኮሪደር ላይ የተሰፉ ቅርጫቶች

የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ደጃፍ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው እንቅልፍ ጥሏቸዋል። አጠገባቸው ቅርጫት የምትሰፋ ሴት ወስፌዋን ሹራቧ ላይ ሰካች፤ ሻርፗን አጣጥፋ ከራሳቸው ሥር በቀስታ አስገባችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያየኝ አለ ብላ ቀና እንኳ አላለችም። እናቴን ላሳክም መጥቼ የስብከት መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር፤ የት እንደደረስኩ ጠፋብኝ። ተመስገን፣ ስብከት በሻርፕም ይመጣል።

ባሏ ሾፌር ነበር። ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ይተኛል፤ አንድ ቀን ከቀረ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስፌቱን ያስተማሯት ከባሏ ጎን የሚታጠቡ አንዲት አሮጊት ናቸው። አንድ እጃቸው በመርፌ ስለሚያዝ የሚያስተምሩት በሌላው እጃቸውና በምላሳቸው ነበር።

"ይኼ ቅርጫት ነው የተረገጠ ባርኔጣ? ፍቺው!"

ከመሐሉ ጠማማ ሆኖ የጀመረ ቅርጫት እስከ ዳር ጠማማ ነው። ሰባት ጊዜ ፈታችው። በስምንተኛው፣ "በቃ፣ ይኼስ ሰው ፊት ይቀርባል" አሏት። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱም፣ ታክሲውም፣ የቤት ኪራዩም የሚወጣው ከዚያ ሣር ነው።

ይኼን ጊዜ ታላቅ ወንድሟ ብቅ አለ። የሰውየው ዓይን ይገርማል! የእህቱን ባል ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ያላየ ዓይን የእህቱን ሣር በአንድ ቀን አየ።

"የኔ እህት መተላለፊያ ላይ ሣር ዘርግታ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ምንም አላለም ጋሼ፤ የምትለው አንተ ነህ።"

"ተይው አልኩሽ! መኪና እልክላችኋለሁ። አንቺ ቤትሽ ተቀመጪ።"

አመነችው። ሣሯን ለጎረቤት ሰጠች። መኪናው ሁለት ሳምንት መጣ። በሦስተኛው የወንድምየውን እንግዶች ሻንጣ ሊያመላልስ ሄዶ ቀረ። ባሏን በማግስቱ እያቃሰተ ተሸክመው አመጡት፤ ለጥቂት ተረፈ። ጋሼ ሲጠየቅ "ረሳሁት" አለ። ራቱን ግን ረስቶት አያውቅም፤ ቦርጩ ምስክር ነው።

እሷም ወደ ኮሪደሯ ተመለሰች።

ባለፈው ሐሙስ ጌታው ወንድሟ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ መጣ። የእንግዳ ማረፊያ ከፍቷል፤ እንግዶች የእጅ ሥራ ይወዳሉ ብለውታል። ትናንት ያሳፈረው ሣር ዛሬ ጌጥ ሆነለት።

"አርባ ቅርጫት ሥሪልኝ። የማን ሥራ ነው ካሉኝ ከሩቅ አገር አስመጣሁት እላለሁ። ይኼን ኮሪደር እንዳታነሺ።"

"እሺ ጋሼ።"

እሺታዋ አናደደኝ። እሱ እንደወጣ ወደኔ ጠጋ አለች።

"ጋሽ አንባቢ፣ የእጅ ጽሑፍህ ያምራል አይደል?"

"ይነበባል።"

"እንግዲያው በትልልቁ ጻፍልኝ። እኔ በቀለም ሣር ፊደሉን እየተከተልኩ ቅርጫቱ ግርጌ ላይ እሰፋዋለሁ።"

"ምን ብዬ?"

"'የዚህ ማረፊያ ባለቤት እህት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሰፋችው' ብለህ።"

"ቢመልስብሽስ?"

"ይመልሰዋ! ገዢ ሞልቷል። ያቺ 'ቤትሽ ተቀመጪ' የምትል ቃል ብቻ ተመልሳ አትምጣብኝ። በል ወንድሜ፣ ብዕር ይዘሃል?"