ሰዓት አስተካካዩ

አትላስ አካባቢ በምሠራበት ሕንፃ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አንድ ቀጭን ሰውዬ ከች ይላል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ጫማው የጎሮን ጭቃ እንደተሸከመ ነው። የኔትወርክ መሣሪያዎቹ ወዳሉባት ጠባብ ክፍል አስገባዋለሁ። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ የእያንዳንዱን መሣሪያ ሰዓት ያስተካክላል። ከዚያ አጥፍቶ ያስነሣቸውና እንደገና ያያል። ሻይ ስጋብዘው ሁሌም "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠጥቻለሁ" ነው መልሱ።

ባለፈው ሐሙስ መውጫ ሰዓቴ ደርሶ ስለነበር ትዕግሥቴ አለቀ። "ወንድሜ፣ ሰዓቱ ትንሽ ቢሳሳት ምን ይመጣል?" አልኩት።

ጣቶቹ ቆሙ።

"ታናሽ ወንድሜ መገናኛ ጋ እየተሠራ ካለ ፎቅ ላይ ሥራ ላይ ሳለ ወድቆ ሞተ" አለኝ። "ያን ዕለት ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ በር ላይ የሠራተኛ መግቢያ የሚመዘግበው መሣሪያ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ነበር። መግባቱ በድሮ ቀን ስለተመዘገበ፣ መዝገቡ ሲታይ በዚያ ቀን የእሱ ስም የለም። አሠሪዎቹ 'ሥራ አልገባም' ብለው ካሳ ከለከሉን። የሥራ ጓደኞቹም እንጀራቸውን ፈርተው ዝም አሉ።"

"መሣሪያው ሰዓቱን ራሱ አያስተካክልም እንዴ?"

"እንዲያስተካክል የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን አልሞከርኩትም ነበር።"

ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ።

"እናቴ ይህን አታውቅም" አለ እየጻፈ። "ያን መሣሪያ የሠራውን ሰው በየቀኑ ትረግማለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አሜን እላለሁ።"