“አንድ እናት ሞተ” ያልኩ ቀን

የተወካዮች ምክር ቤት ከመግባቴ በፊት ከካማሺ ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ፓርቲው ለምርጫ ያቀረበኝም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። የአካባቢው ሴት ሁሉ ያውቀኛል፤ ብዙዎቹን ያዋለድኳቸው እኔ ነኝ።

ከመመረጤ በፊት በነበረው ክረምት አንዲት ወላድ እጄ ላይ ሞተች። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ልጁ ተጋድሞ ስለነበር ከእኔ አቅም በላይ ሆነ። አምቡላንስ ጠራን፣ መጣም፤ ግን ወንዙ ሞልቶ ነበርና ከማዶ ቆመ። ድልድይ የለም። ባሏና ወንድሞቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዙ ዳር ደረስን፤ ውሃው እስኪጎድል ተቀምጠን ጠበቅን። ሾፌሩ ከማዶ ሆኖ ያየናል፤ እኛም እናየዋለን። ቀትር ላይ እጄን እንደያዘች አረፈች።

የተመረጥኩ ሰሞን ባሏ ቤቴ መጣ። “እዚያ ስትገቢ የእሷን ነገር ትናገሪያለሽ?” አለኝ በጉሙዝኛ።

“እናገራለሁ” አልኩት።

የመጀመሪያውን ዓመት ዝም ብዬ አሳለፍኩ። እጅ አውጥቶ ያሻውን መናገር የሚቻል መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። ጥያቄ ቀድሞ ተጽፎ ይሰጣል፤ የእኛን ቡድን የሚያስተባብሩ ሰውዬ አይተው ያርሙታል። በሁለተኛው ዓመት የመንገድ ሥራ ሪፖርት ሊቀርብ ሲል የወላዷን ታሪክ በሁለት ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው። በማግስቱ አንድ አንቀጽ ሆኖ ተመለሰልኝ። “በክልሉ የመንገድ ተደራሽነትን ለማሳደግ የተሠራው ሥራ አበረታች ሆኖ፣ በቀጣይ ምን ታስቧል?” ይላል።

“ሴትየዋ የታለች?” አልኳቸው።

“እህቴ፣ ይሄ የግለሰብ ጉዳይ ነው። አንቺ የምትወክይው ሕዝብ ነው” አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ለእኔ ያሰቡልኝ መስሏቸው ነው።

ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ ነገር ግን እንደማላነበው ወስኜ ነበር የገባሁት። አፈ ጉባኤው ዕድሉን ሲሰጡኝ ማይኩን ከፈትኩና በቃሌ ጀመርኩ። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ስጽፍ አልሳሳትም፤ ስናገር ግን፣ በተለይ ከደነገጥኩ፣ ሴቱና ወንዱ ይምታታብኛል። መጀመሪያ ሚኒስትሯን “ክቡር ሚኒስትር” አልኳት። ከወደ ኋላ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። ቀጠልኩ። “በእኛ አካባቢ አንድ እናት ወንዝ ዳር ሞተ። ድልድይ ስለሌለ ሞተ” አልኩ።

ሳቁ።

ሁሉም አይደሉም። ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ሰው ሲስቅም ብዙ ይመስላል። ጆሮዬ ጋለ። ቀጥሎ ልናገረው ያሰብኩት በሙሉ ጠፋብኝ። ጠረጴዛው ላይ ያችን የታረመች አንቀጽ አየሁ፤ አነሳሁና አነበብኳት። “በቀጣይ ምን ታስቧል?” ብዬ ተቀመጥኩ። ሚኒስትሯ ጥያቄው ተገቢ መሆኑን፣ ጥናቱም በመጠናቀቅ ላይ እንደሆነ ገለጸች። እኔም ከሌሎቹ ጋር አጨበጨብኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከሳቃቸው ይልቅ ያ ጭብጨባዬ ነው።

በሻይ ሰዓት አጠገቤ የሚቀመጠው የአሶሳው ተወካይ ተከተለኝ። የሠፋሪ ልጅ ነው፤ አሶሳ ተወልዶ እንኳ የወሎ አነጋገር ከአፉ አልጠፋም። እሱም ሲስቅ አይቼዋለሁ።

“አትቀየሚ እህቴ፣ የሳቅነው እኮ ከልባችን አይደለም” አለኝ።

“ከልባችሁ ቢሆን ይሻል ነበር” አልኩትና ሻዬን ይዤ ሌላ ጥግ ሄድኩ።

ምክር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ ከመራጮች ጋር ለመወያየት ወደ ካማሺ ሄድኩ። ስብሰባው ሲያልቅ የሟቿ ባል ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ።

“በሬዲዮ ሰማሁሽ” አለኝ።

“እንደምፈልገው አልተናገርኩም።”

“እሱን አይደለም የምጠይቅሽ። አማርኛው ብዙም አይገባኝም። ግን ሞተች ስትይ ሰዎቹ ሳቁ። ምኑ ነው ያሳቃቸው?”

“በእሷ አይደለም የሳቁት፤ በእኔ አማርኛ ነው። ሞተች በማለት ፈንታ ሞተ ብዬ ነው።”

“እኔ በእሷ የሳቁ መስሎኝ ይሄን ሁሉ ጊዜ ከረምኩ” አለ። እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ሪፖርት ሲቀርብ ለአስተባባሪያችን ምንም ሳላሳይ ተዘጋጀሁ። አዲስ አበባ በተከራየሁት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ “ሞተች፣ ሞተች” እያልኩ እንደ ተማሪ አጠናሁ። ዕድሉ ሲደርሰኝ ግን ያለፈው ፍርሃት መጣብኝና ማንም እንዳይስቅብኝ እንደ ሌሎቹ ጀመርኩ። አፈ ጉባኤውን አመሰገንኩ፤ ሪፖርቱን አደነቅኩ፤ የተሠራውን ዘረዘርኩ። ወንዙ ጋ ስደርስ “ሰዓትዎን ጨርሰዋል” ተባልኩ። ማይኩ ተዘጋ። ያለ አንድ ስህተት ተናግሬ ነበር።

ከመሰናበቴ በፊት የመጀመሪያውን ንግግሬን ቃለ ጉባኤ አስወጥቼ አነበብኩ። አንድ የማላውቀው ሰው “ሞተ” ያልኩትን “ሞታለች” ብሎ አቃንቶልኛል። ሳቁ አልተጻፈም። ያን ወረቀት የሚያነብ ሰው በሚገባ የተደመጥኩ ይመስለዋል።

ፓርቲው ለሁለተኛ ጊዜ ለምርጫ አላቀረበኝም። አሁን አሶሳ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ድልድዩ አልተሠራም።

ባለፈው በእኔ ቦታ የተመረጠችው ወጣት ምክር ፈልጋ ቢሮዬ መጣች። አስተማሪ የነበረች፣ ቁም ነገረኛ ልጅ ናት።

“የሞተ ሰው ካለሽ እሱን አስቀድሚ። ምስጋናው ሰዓቱን ይበላብሻል” አልኳት።

ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

“እትዬ፣ ሪፖርቱን ሳላመሰግን ብጀምር ግን ሁለተኛ ዕድል ይሰጡኛል?”