ቦይለሩ የተባረከበት ቀን

ኒ ሉህ ሱቻሪ በሰርዲን ፋብሪካችን የቋሚ ንብረት መዝጋቢ ናት። ከእያንዳንዱ ማሽን የግዢ ዋጋ ላይ በየዓመቱ እርጅናውን ትቀንስና የተረፈውን ትጽፋለች። የተረፈው ተደምሮ ጃካርታ ይሄዳል፤ እዚያ ዓሣን ከቆርቆሮ ውጭ አይተው የማያውቁ ሰዎች ድምሩን ያዩና “ድርጅቱ ጤነኛ ነው” ብለው አክሲዮን ይገዛሉ። ሐኪሞቻችን እንዲህ ቢመረምሩን ኖሮ ባሊ ውስጥ ለሬሳ ማቃጠያ የሚሆን እንጨት ባልተገኘ።

ትልቁ ቦይለር፣ ዓሣው የሚቀቀልበትን እንፋሎት የሚያፈላው፣ ከሞተ ቆይቷል። እንፋሎቱ የሚመጣው ጓሮ በሸራ ከተሸፈነ የኪራይ ቦይለር ነው። በመዝገቡ ላይ ግን ሟቹ ገና ጎረምሳ ነው። ሱቻሪ “ይሰረዝ” ብላ ጽፋ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ፓክ፣ አቶ ማለት ነው፣ ሱዳርሳ ወረቀቱን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገው።

ታዲያ ለምን አትጮኽም? ይላል ከሩቅ ያለ ጀግና። የባሏ ታላቅ ወንድም ብሊ ራይ የባንጃራችን፣ የሰፈሩ እድር፣ አለቃ ነው። የቤተ መቅደሱን ማደሻ ገንዘብ የፋብሪካው አክሲዮን ላይ ያፈሰሰው “ብረቱን የምትቆጥረው የእኛው ልጅ ናት” ብሎ ነው። ቦይለሩ ከተሰረዘ አክሲዮኑ ይወድቃል፣ የመቅደሱም ጣሪያ አብሮ ይወድቃል። ባንጃር ያገለለው ሰው ደግሞ ሬሳውን የሚያነሳለት ጎረቤት የለውም። ዝም ካለች ውድቀቱ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ በዘገየ ቁጥርም ይከብዳል።

መዝገቡን ከማሽኖቹ ጋር የሚያመሳክር ኦዲተር የመጣው በቱምፐክ ላንደፕ ነው፤ ከቢላ እስከ መኪና ብረት ሁሉ መሥዋዕት የሚቀርብለት በዓል። ቀኑን የመረጠው ሱዳርሳ ነው። ያን ሰሞን ለአማልክት ያለው ፍቅር ድንገት ጨምሮ ነበር። ቦይለሩ ብርማ ቀለም ተለቅልቆ፣ የኮኮናት ቅጠል ጌጥ አጥልቆ፣ ፊቱ የተጠበሰ ዶሮ ተደርድሮለት ቆሟል። በሕይወቱ ሳለ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። ብሊ ራይም ጠበሉን ይዞ ከካህኑና ከባንጃሩ ሰዎች ጋር ደርሷል።

“ቦይለሩን ልታስነሱልኝ ትችላላችሁ?” አለ ኦዲተሩ፣ ፋህሪ የሚባል የጃካርታ ልጅ።

“ዛሬ?” አለ ሱዳርሳ። “በገዛ በዓሉ ልናሠራው? እናንተ አገር ሙሽራ ያርሳል እንዴ?”

ሰዎቹ ሳቁ። “ይቅርታ ፓክ፣ አላወቅሁም” አለ ፋህሪ፤ ጫማውን ሊያወልቅ ምንም አልቀረው።

“ነገ ይምጡ” አለች ሱቻሪ። “ነገ በዓል የለም።”

ሱዳርሳ ፈገግታውን ሳያጥፍ ዞረባት። “ቡ ሉህ፣ ወይዘሮዋ፣ እንግዳ ሲሄድባት አትወድም።”

“ነገማ አልችልም ቡ፣ ቲኬቴ የዛሬ ማታ ነው” አለ ልጁ። “የእርስዎ ቃል ይበቃኛል። ይሠራል?”

ሱቻሪ ዶሮውን አየች፤ ከዶሮው ጀርባ ብሊ ራይን አየች። ደረቱን ነፍቶ፣ ሴት ልጁ ፈተና ላይ እንደቀረበችለት አባት ይጠብቃል።

“በዓሉ ሲያልፍ ይሠራል” አለችና ፋህሪ የዘረጋላትን የማረጋገጫ ወረቀት ፈረመች።

“ሰማችሁ?” አለ ብሊ ራይ። “ሉህ፣ የባንጃሩን የሬሳ ማቃጠያ ቁጠባም እዚሁ ፋብሪካ ልናስገባው ተነጋግረናል። ያንቺን አፍ ነበር የምንጠብቀው።”

“ብሊ፣ እሱ እንኳ ይቆይ።”

“ምን ይቆያል? አሁን አይደል ይሠራል ያልሽው?”

ካህኑ ቦይለሩን ረጭቶ ሲጨርስ ወደ እሷ መጣ። ብዕሩን በብብቷ ሸጉጣ፣ እንደ ሌላው ሰው ለጠበሉ ሁለት እጇን ዘረጋች።